ከዬስ በኋላ ኮማ

የተቀቀለ ባቄላ ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ ኮማ ነው። ሰው አበደች እንዳይለኝ ላስረዳ። የማወራው ስለ ግንቦት ልደታ ንፍሮ ነው፤ ኮማ የምለውም እንግሊዞች ዓረፍተ ነገር መሃል ጣል የሚያደርጓትን ያቺን ጭራ ያላት ነጥብ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ለሚለኝ፣ ያገናኘቻቸው ሙሉ ናት። ሙሉወርቅ። የልጅነት ጓደኛዬ፣ የልጄ የክርስትና እናት፣ በሐዘንም በደስታም ከጎኔ ጠፍታ የማታውቅ ሰው። እስከ ዘንድሮው ግንቦት ልደታ ድረስ ስለ እሷ ክፉ የተናገረ ሁሉ ከእኔ ጋር ይጣላ ነበር።

ሰፈራችን ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህም በዓሏን አልተውናትም። ድሮ በየአጥሩ ሥር እናነጥፍ የነበረውን ዛሬ በሕንፃዎቹ መሃል፣ መኪና የሚቆምበት ሲሚንቶ ላይ እናነጥፋለን። ባለመኪኖቹ መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፣ ንፍሮው ሲቀርብላቸው ዝም ይላሉ። ዘንድሮም የደረጃውን ብረት ተደግፌ ከፎቅ ወርጄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስንዴና ባቄላዬን ስቆረጥም አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ቆመና ምንም ሳይናገር ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቀና አለ። እንደገና አጠፍ፣ ቀና። ጎረቤቶቼ ሰውዬውን ሕመም ያዘው ብለው ሊደግፉት ተነሡ። እኔን ግን ሳቅ አፈነኝ። ያንን የጉልበት ሰላምታ የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ ከጥቂት አይበልጥም። «ኮማ» አልኩት። «ፉልስቶፕ» አለና አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ታደሰ ነበር፤ ከእኔና ከሙሉ ጋር በጋሽ ጽጌ ቤት እንግሊዝኛ የተማረው ታደሰ። ከልደታ ወጥቶ ጀሞ ከገባ ስንት ዘመኑ፤ በዓሉን ብሎ ነው የመጣው።

ታደሰ በሳቅ የነገረኝ ነገር ሳቄን እንዴት እንደ ወሰደብኝ ለመናገር ጋሽ ጽጌን ማስተዋወቅ አለብኝ። ጋሽ ጽጌ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይሠራሉ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በተከራዩአት ክፍል የሰፈሩን ጎረምሳና ኮረዳ ሰብስበው እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ክፍሏ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራ ነበር። ወፍጮው ሲነሣ ሰው የገዛ ድምፁ አይሰማውም። ስለዚህ ጋሽ ጽጌ ሥርዓተ ነጥብን በጉልበት ማስተማር ጀመሩ። በጉልበት ስል በዱላ ማለቴ አይደለም፤ በገዛ ጉልበታችን ነው። የሚያነበው ተማሪ ይቆማል። ካፒታል ሌተር ሲያጋጥመው በእግሩ ጣቶች ይንጠራራል። ጥያቄ ምልክት ላይ እጁን ከጆሮው በላይ እንደ ማጭድ ያጥፋል። ፉልስቶፕ ላይ ይቀመጣል። ኮማ ላይ ግን ጉልበቱን አጥፎ ግማሽ ቁጭ ይላል፤ ግማሽ ብቻ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያነብ፣ ሲንጠራራና ሲሸበረክ፣ በመስኮት ያየን ሰው ስግደት ላይ ያለን ይመስለው ነበር። ጋሽ ጽጌ በኮማ ቀልድ አያውቁም። «ኮማ ማለት ቆይ፣ አልጨረስኩም ማለት ነው» ይላሉ። ኮማ ላይ ያቆሙንና ከኮታቸው ላይ ዱቄት ሲያራግፉ ይረሱናል። ጭናችን ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው ያራግፋሉ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ሰዓት እላፊው መጥቶ ነበር ወይስ ገና ነበር፣ እሱም ይምታታብኛል። የማይምታታብኝ የታደሰ ሱሪ ነው፤ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ የልደታን ጭቃ እየጠረገ የሚሄድ። አፍሮውን አጎፍሮ ማበጠሪያውን እዚያው ላይ ይተክላት ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ጫካ የት እንደ ገባ እንጃ። ሙሉ ደግሞ ሶሉ የጡብ ያህል የወፈረ ቡናማ ጫማ ነበራት፤ እሱን አድርጋ ስትራመድ ኮረኮንቹ ላይ የምታደርገው ጥንቃቄ ራሱ ያምርባት ነበር። እኔ ክርኑ ላይ የተጣፈ የእናቴን ሹራብ ነበር የምለብሰው፤ የተጣፈበትን ለመደበቅ ክንዴን አጥፌ መሄድ ስለለመድኩ ዛሬም ሳላስበው እንደዚያ እሄዳለሁ። ከትምህርት ስንወጣ በስሙኒ ሻይና ቦንቦሊኖ እናገኛለን። ሻይ ቤቷ ሳንቲም የሚጎርስ የሙዚቃ ሳጥን ነበራት፤ ሙሉ የምትመርጠው አንድ የትዝታ ዘፈን ነበር፣ ሁልጊዜ ያንኑ፣ ባለቤቱ እስኪያዛጋ። በቀደም ሜክሲኮ አንድ ካፌ ገብቼ የቦንቦሊኖ ዋጋ ብጠይቅ ልጅቷ የነገረችኝን አላመንኩም። የጠየቅኩሽ የቦንቦሊኖውን ነው እንጂ የሱቁን አይደለም አልኳት። ሳቀች፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰችም። አደባባዩም ያኔ እንደ ሜዳ ሰፊ ነበር፤ ዛሬ በባቡሩ ድልድይ፣ በታክሲ ወረፋና በባንክ ፎቅ መሃል የቱ ጋ እንደ ነበር ቆሜ እፈልገዋለሁ።

አባቴ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ስለ ነበር ተከሳሹም ከሳሹም እሱ ዘንድ ነው የሚመጡት። ከጋሽ ጽጌ የተማርኩትን ስነግረው የእንግሊዝኛው ፉልስቶፕ አንዲት ነጥብ ብቻ መሆኗ አልዋጥለት ብሎ ነበር። «በአንዲት ነጥብ ነገር ያልቅላቸዋል?» ይለኛል። «እኛ አራት ነጥብ አድርገንም አላለቀልን።» ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ማመልከቻውን ወደ ፊቱ እያስጠጋ መጻፍ ጀመረ። ግን ለባለጉዳዩ ሁሉ፣ ለጠበቃውም ለዘበኛውም፣ ልጄ እንግሊዝኛ ትጽፋለች ይል ነበር። የልጄን ነጥብ እኔ እንኳ አላውቃትም ሲል ደረቱ ይነፋል።

እኔም ትሕትና አላበዛም፤ ከክፍሉ በላጯ እኔ ነበርኩ። ሙሉ በካፒታል ሌተር ነበር የምትወድቀው። በአማርኛችን ትልቅ ፊደል ትንሽ ፊደል የለማ፤ እሷ ካፒታል የአክብሮት መስሏት ለምታከብረው ነገር ሁሉ ትሰጥ ነበር። እናት በካፒታል፣ ካህን በካፒታል፣ ጫማዋ እንኳ በካፒታል። ጋሽ ጽጌ ደብተሯን እያዩ «ሙሉወርቅ፣ ይህቺ ጫማ ደግሞ አንቱ ሆነች?» ሲሏት እንፈርሳለን። የእኔን ስም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በካፒታል ነበር የምትጽፈው። አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚተልቀው ስላት፣ «አንቺን ከየትሽ ላሳንስሽ?» አለችኝ። እንዲህ ያለችኝን ልጅ እንዴት አድርጌ ልጠርጥር?

አንድ ቀን ጋሽ ጽጌ ወሬ ይዘው መጡ። ሜክሲኮ አጠገብ ያለ የውጭ አገር ድርጅት አንዲት ጸሐፊ ይፈልጋል። እንግሊዝኛ በትክክል የምትጽፍ፣ ክፍለ ሀገር ለመውጣት የማትቸገር፣ ስለዚህም ያላገባችና ልጅ የሌላት። እኔና ሙሉ ተመዘገብን። የሚፈለገው አንድ ሰው መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ማናችንም ብናልፍ ያው ነው ተባብለን ተሳሳምን። እኔ ስል ከልቤ ነበር። አባቴ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃንጥላውን የሚያጥፍበትን ጊዜ ማሰብ ጀመረ። አፉን ሞልቶ አልተናገረም፤ ግን የጃንጥላው ሽቦ ሲሰበር አላስጠገነውም፣ በክር አስሮ ለጊዜው ይበቃል አለ።

ከፈተናው በፊት ግንቦት ልደታ ዋለ። የዚያ ዓመት ተራው የእኛ ቤት ስለ ነበር ከጠዋት ጀምሮ ንፍሮ ሳድል ዋልኩ፣ ትምህርትም ቀረሁ። ጋሽ ጽጌ ግን በዓል አያውቁም፤ ሌላው ተማሪ በኪሱ ንፍሮ ሞልቶ ገባ። ከትምህርት ሲወጡ ሙሉ መጣች። በሁለት እጄ ሙሉ ንፍሮ ዘግኜ ሰጠኋትና «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አልኳት።

«ኮማ» አለች።

«ኮማን ጨርሰን የለ እንዴ?»

«ከዬስ በኋላ ኮማ ይደረጋል አሉ። ዬስ ብለሽ አታቆሚም፣ ኮማ አድርገሽ ቀሪውን ትጨርሻለሽ። ዬስ፣ አይ ዱ። ዬስ፣ አይ አም። ዬስ ብሎ ዝም ያለ ሰው ግማሽ መልስ ነው የመለሰው ብለዋል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አመለጠኝ ብለሽ እንዳትጨነቂ።»

ይህን ሁሉ ስትናገር ባቄላዋን እየላጠች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም። በማግስቱ ክፍል ስገባ ልጆቹ ሙሉን «ሚስስ ሙሉ» እያሉ ይጠሯታል። ታደሰማ በር ይከፍትላታል። ምን አደረግሻቸው ብላት ጫማዋን አሳየችኝ። «ይሄን አይተው ነው፤ የባለትዳር ጫማ መስሏቸው መሰለኝ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም እኔም ሚስስ ብዬ ጠራኋት።

በፈተናው ዋዜማ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቃለ መጠይቁን ተለማመድን። ሙሉ ጠያቂዋን ፈረንጅ ሆነች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ «ዩ አር ኖት ማሪድ?» አለችኝ። አላገባሽም? ማለት ነው። እኔ በአማርኛ አሰብኩት። በአማርኛ አላገባሽም ወይ ሲባል ያላገባ ሰው አዎ ይላል፤ አዎ፣ አላገባሁም። ጠያቂውን ልክ ብለሃል ማለት ነው። ስለዚህ «ዬስ» አልኳትና ለኮማው ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ «ከኮማው በኋላ ምን ልበል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሙሉ አየችኝ። ትንሽ ቆየች። የቆየችው ያኔ ነው ወይስ ዛሬ ሳስበው ነው የማቆያት፣ አላውቅም።

«ማዳም በይ፤ ዬስ፣ ማዳም። ያ ይበቃል።» ቀጥላም «ጎበዝ» አለችኝ። «ነገም ልክ እንደዚህ በይ።»

የጽሑፍ ፈተናው ቀለለኝ። ነጥብና ኮማ የሌለበት ገጽ ሰጥተው እያንዳንዱን በቦታው አስገቡ ነው ያሉት። ስጽፍ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ብቻውን ይሸበረክ ነበር። መነጽር ያደረገችው ፈረንጅ ወረቀቴን አይታ በጣም ደስ እንዳላት ከፊቷ አወቅኩ። ከዚያ የቃል ጥያቄ መጣ። ሙሉ እንደ ጠየቀችኝ ጠየቀችኝ፤ አላገባሽም? «ዬስ፣ ማዳም» አልኳት። ማመልከቻዬን ገልጣ አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ልጅም የለሽም? «ዬስ፣ ማዳም።» ብዕሯን አስቀመጠች። ፈገግ አለችልኝ፤ ግን የታመመ ሰው ሲጠይቁ የሚሉት ዓይነት ፈገግታ ነበር። እኔ አልገባኝም። በሩጫ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሄጄ ለአባቴ አለፍኩ አልኩት። አባቴ ማመልከቻ የሚያስጽፈውን ሰውዬ አቋርጦ ለዙሪያው ሰው ሁሉ ሻይ አዘዘ።

ያለፈችው ሙሉ ነበረች። እኛ ቤት መጥታ አንገቴን አቅፋ ከእኔ የባሰ አለቀሰች። «እንግሊዝኛሽ አይደለም አስኩዬ» አለችኝ። «ዘመድ ስለሌለሽ ነው። እዚያ ቤት ዘመድ ይፈልጋል።» አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው። የጃንጥላውን ሽቦ በአዲስ ክር ሲያስር አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። «ዘመድሽ እኔ ነበርኩ» አለኝ። «ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ ዘመድ ምን ያደርግልሻል?» ዓይኑ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ጃንጥላ ሥር ጻፈ። ልጁን ያስቀራት የእሱ ድህነት እንደ ሆነ አምኖ ነው የሞተው። ማንም ቢሆን ይህን እንዲያምን ሊደረግ አይገባውም ነበር።

እኔ ትምህርቱን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ጋሽ ጽጌ ልጅ ልከው ያስጠሩኝ ነበር፤ አፍሬ የለችም አስብላለሁ። ጠመንጃ ያዥ አንድ ስፌት ቤት ገብቼ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዕድሜዬ አለቀ። ሕይወቴ ክፉ ነበር አልልም። ደግ ባል አግብቻለሁ፣ ልጅ ወልጃለሁ፤ የልደታና የጠመንጃ ያዥ ተማሪ ሁሉ የእኔን ኮሌታ አንገቱ ላይ አድርጎ ነው ያደገው። ግን እንግሊዝኛ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር ስፌቴን አቁሜ አዳምጥ ነበር። ሙሉ በትልቅ መኪና ክፍለ ሀገር ትወጣለች፣ ስትመለስ ማር ታመጣልኛለች። ውጭ አገር ደርሳ ስትመጣ ለልጄ ሹራብና የዱቄት ወተት። ባሌ ሲሞት እስከ አርባው ከአጠገቤ አልተነሣችም። እኔ ሞኟ እግዚአብሔር የሰጠኝ እህት ናት እያልኩ ሳመሰግናት ኖርኩ። አሁን ያንን ማር ሳስበው ይመርረኛል። ምን ነበር ያ ሁሉ ስጦታ? ፍቅር ነበር ወይስ ካሳ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

እና ዘንድሮ ታደሰ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ ንፍሮውን እየዘገነ «ሚስስ ሙሉ ደኅና ናት?» አለኝ።

«ደኅና ናት፤ ወገቧን እያመማት ከቤት አትወጣም እንጂ» አልኩት። «ያ የጫማዋ ስም እስካሁን አልረሳህም?»

«የምን ጫማ?»

«ሚስስ ያላችኋት በጫማዋ አይደል እንዴ?»

ታደሰ ሳቀ። «ኧረ ባክሽ። ለካ አንቺ ያን ቀን አልነበርሽም፤ ግንቦት ልደታ ነበር፣ ተራው የእናንተ ነበር። ጋሽ ጽጌ ሙሉን አስነሥተው በእንግሊዝኛ አላገባሽም ወይ አሏት። እሷ እንደ አገራችን አዎ መስሏት ዬስ ብላ ኮማዋን ግማሽ ቁጭ አለች። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ምነው ለሠርጉ ሳትጠሪን? አሏት። ወፍጮው እንኳ ቆሞ ነበር፣ ሳቃችን ደጅ ድረስ ተሰማ። አለቀሰች እኮ። ከዚያ የቀረውን ጊዜ በሙሉ እሱን ብቻ ነው ያስደገሙን። እንግሊዝ ዘንድ ያላገባ ሰው ኖ ነው የሚለው። ልጅ የሌለው ኖ ነው የሚለው። ለፈተናው ዬስ ያለች ባልም ልጅም አለኝ አለች ማለት ነው አሉ።» አንድ ባቄላ ወደ አፉ ወረወረና አኘከ። «አንቺንም አልረሱሽም። አስካለ የት አለች፣ ለእሷም ንገሯት አሉ። ሙሉ እኔ እነግራታለሁ አለች።»

ንፍሮው አፌ ውስጥ ቀረ። ታደሰ ምን እንደ ነገረኝ አላወቀም፤ አልነገርኩትምም። ወሬውን ወደ ጀሞ የውኃ ችግር አዞረው፣ እኔም እሺ እሺ አልኩ። ሰውነቴ ሁሉ ግን አንዲት ቃል ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔ እነግራታለሁ። ነግራኛለች እኮ። ኮማውን ነግራኛለች። ትርጉሙን አስቀርታ ኮማውን ሰጠችኝ። ያቺ ፈረንጅ ባልና ልጅ ያላት፣ በማመልከቻዋ ደግሞ የዋሸች ሴት ናት ብላ አሰበችኝ፤ የታመመ ሰው ያስመሰለኝ ፈገግታ እሱ ነበር። ልጅነቴ እንዲያ ባለ ፈገግታ መታለፉን ሳላውቅ አረጀሁ።

በየዓመቱ ግንቦት ልደታ ለሙሉ ንፍሮ እወስድላታለሁ። ዘንድሮም ቋጠርኩ። ሰንጋ ተራ ያለው ኮንዶሚኒየሟ ድረስ በታክሲ ስሄድ የምላትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ እጮኻለሁ፣ ንፍሮውን ፊቷ ላይ እበትነዋለሁ ብዬ ነበር። በሩን ከፍታ «አስኩዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ» ስትለኝ ጩኸቱ ጠፋብኝ። ግድግዳዋ ላይ ከፈረንጆች ጋር የተነሣቻቸው ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ድሮ ሳያቸው ለእሷ ደስ ይለኝ ነበር። ፊት ለፊቷ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ንፍሮውን ተቀብላ ባቄላ መርጣ መላጥ ጀመረች።

«ታደሰን አገኘሁት» አልኳት።

«የቱን ታደሰ?»

«የጋሽ ጽጌን። ሚስስ ሙሉ ደኅና ናት ወይ አለኝ። ስሙ ከምን እንደ መጣም ነገረኝ።»

ጣቶቿ ባቄላው ላይ ቆሙ። ከታች ካለው የግንባታ ቦታ ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማል። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ የኖረችውን ሰው ሳያት አዘንኩ መሰለኝ፤ ወይም ፈራሁ። መውጫ ልሰጣት ፈለግኩ። ረስቼው ነው ብትለኝ አምናት ነበር፣ እምላለሁ፣ ለማመን ተዘጋጅቼ ነበር። «ሙሉ፣ ያኔ ጎበዝ ስትዪኝ» አልኳት፣ «ልክ እንዳልሆነ አላወቅሽም ነበር?»

«አዎ» አለች ወዲያው። አዎ፣ አላወቅኩም ማለቷ ነው፤ በአማርኛችን።

ያበጀሁላትን በር ከፍታ ወጣች ማለት ነው። ደስ ይለኛል ያልኩት ነገር ደስ አላለኝም። የሶፋውን ክንድ ጨበጥኩና ለመነሣት ከመቀመጫዬ ግማሽ ብድግ አልኩ።

«አስኩ» አለችኝ። አታየኝም፣ ባቄላውን ነው የምታየው። «በእንግሊዝኛ ጠይቂኝ።»

እዚያው ባለሁበት ቀረሁ። ያ እንግሊዝኛዬ ከየት እንደ መጣ እንጃ፤ ዝጓል፣ ግን መጣ። «ዩ ዲድ ኖት ኖው?» አልኳት፤ አላወቅሽም ነበር?

«ዬስ» አለች።

ይህቺ ሴት ዕድሜዋን በሙሉ በእንግሊዝኛ እንጀራ የበላች ናት። ዬስና ኖ አይምታታባትም። ዐውቅ ነበር ነው ያለችኝ። ዬስ ብሎ ዝም ያለ ሰው ግማሽ መልስ ነው የመለሰው ብላ የነገረችኝም እሷው ናት። ስለዚህ ጠበቅኩ። ለምን እንዳደረገችው ትነግረኝ እንደሆነ፣ ስለ አባቴ አንድ ነገር ትል እንደሆነ፣ ይቅርታ ትል እንደሆነ፣ ምንም ይሁን ከኮማው በኋላ ያለውን ጠበቅኩ። አልቆምኩም፣ አልተቀመጥኩም። ጭኔ እንደ ልጅነቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሙሉ የባቄላውን ልጣጭ ከቀሚሷ ላይ በጥንቃቄ አራገፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ምንም እንዳልተባለ፣ «ሻይ አትጠጪም?» አለችኝ።

«ኖ» አልኳት። ጋሽ ጽጌ እንዳስተማሩት፣ በትክክለኛው ቦታ። ከኖው በኋላም ኮማ አላደረግኩም።